የእንጦጦው ባለ ረጅም ጭራ ጥቁር ወፍ፦ የተከዜ አበባ ቀሳሚን እንዴት እንለየው? የትስ እንፈልገው?

ናፍቆት ጉለሌ

ሰላም ለመድረኩ። አንድ ወፍ ለመለየት እገዛ እፈልጋለሁ። ቦታው እንጦጦ፣ ከባሕር ዛፉ ወጣ ብሎ ያለ ቁጥቋጦ፤ ወሩ ጥቅምት፤ ሰዓቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። ወፉ ከሩቅ ሲታይ ድፍን ጥቁር ነው። መንቆሩ ረጅም ሆኖ ወደ ታች ይታጠፋል፤ ከጭራው መሐል ሁለት ቀጫጭን ላባዎች ረዝመው ወጥተዋል። የፈረስ ዘንግ አበባ ላይ ነበር። አንዴ ሲዞር ትከሻው ሐምራዊ ብልጭ አለ፤ ፎቶው ላይ ግን የወጣው ጥቁር ጥላ ብቻ ነው። ግንባሩ ላይ ቢጫ ነገር ይታያል። የስልኬ መተግበሪያ አንዴ ማላካይት አበባ ቀሳሚ፣ አንዴ ኮፐር አበባ ቀሳሚ ይለኛል። የትኛው ነው? ቀለሙን በደንብ ለማየትስ የት፣ መቼ፣ እንዴት ይፈለጋል?

ወይራ ሥር

ናፍቆት፣ ሁለቱም አይደለም። ወንድ የተከዜ አበባ ቀሳሚ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ኔክታሪኒያ ታካዜ። ለሳይንስ የተመዘገበው በ1814 እ.ኤ.አ. ሲሆን ናሙናው የተገኘው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ ካደረገው ጉዞ ነው። ስሙ የወንዙ ቢሆንም ኑሮው ደጋ ነው፤ ኢትዮጵያና ኤርትራን ጨምሮ እስከ ታንዛኒያ ተራሮች ድረስ ይገኛል።

እንዴት እንደተለየ ልጻፈው፣ ለሌላው ወፍም ይጠቅማልና። አበባ ቀሳሚ ስትለዪ ከቀለም አትጀምሪ። ወንዱ ላይ የምናየው ሐምራዊም ሆነ አረንጓዴ ማቅለሚያ አይደለም። በላባው ጥቃቅን ቅርንጫፎች ውስጥ በረድፍ የተደረደሩ የሜላኒን (የጥቁር ማቅለሚያ) ቅንጣቶች ብርሃኑን እየለዩ ይመልሱታል፤ ስለዚህ ቀለሙ የሚታየው ፀሐይዋ፣ ላባውና ዓይንሽ በተወሰነ ማዕዘን ሲገጣጠሙ ብቻ ነው። ማዕዘኑ ሲስት የሚቀረው የሜላኒኑ ጥቁረት ነው። መተግበሪያው የወላወለውም ለዚህ ነው፤ ከጥቁር ጥላ ላይ ቀለም ለማንበብ እየሞከረ ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ ከፍታ፣ ጭራ፣ ሆድ፣ በመጨረሻ ቀለም።

ከፍታ፦ እንጦጦ ጫፉ ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል። ኮፐር የሚባለው አበባ ቀሳሚ የምዕራቡ የአገራችን ክፍል ወፍ ነው፤ የሚኖረውም ዝቅ ባለ ቦታ ነው። በዚህ ብቻ ከዝርዝሩ ይወጣል።

ጭራ፦ ኮፐር ከጭራው የሚረዝም ላባ የለውም፤ ርዝመቱም ከ12 እስከ 13 ሴንቲ ሜትር ነው። ተከዜ ወንዱ ከነጭራው 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ መሐለኞቹ ሁለት ላባዎች ከሌሎቹ በግልጽ አልፈው ይወጣሉ። ማላካይትም እንዲህ ያለ ጭራ ስላለው በጭራ ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

ሆድ፦ ዳኛው ይህ ነው። የማላካይት ወንዱ በመራቢያ ልብሱ ከራስ እስከ ሆድ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ነው፤ ጥቁር የሚመስሉት ክንፉና ጭራው ናቸው። የተከዜ ግን ሆዱ ጥቁር ነው፣ ብርሃን ቢያገኝም ያው ጥቁር። ራሱና ጉሮሮው ነሐስ የመሰለ አረንጓዴ፣ ደረቱና ጀርባው ሐምራዊ ነው። ደረቱ ጎን ላይ ትንሽ ቢጫ ጉንጉን ብቅ ካለ ወፉ ማላካይት ነው፤ የሚታየው ግን ወንዱ ሲፎክር ስለሆነ አለመታየቱ ምንም አያረጋግጥም።

ቀለም፦ ሐምራዊ ብልጭታ አይተሻል። እዚህ ላይ ሲደርስ ሌላ አማራጭ የለም።

ግንባሩ ላይ ያለው ቢጫ ደግሞ የአበባ ዱቄት ነው። የፈረስ ዘንግ አበባ ዱቄቱን የሚያራግፈው ከላይ በኩል፣ ወፉ መንቆሩን ሲያስገባ ግንባሩ በሚነካበት ቦታ ነው። እሬትም ብርቱካንማ ዱቄት ፊት ላይ ይቀባል። "ግንባሩ ቢጫ የሆነ አዲስ ዝርያ አገኘሁ" የሚሉ ፎቶዎች በየጊዜው የሚለጠፉት ከዚህ የተነሣ ነው። ዱቄት ከላባ የሚለየው ጠርዙ የተዛነፈ፣ መንቆሩ ሥር ላይም የተረፈ በመሆኑ ነው፤ ከወፍ ወደ ወፍ መጠኑም ይለያያል።

ሚኪ አዲስ

ይሄ ሀሚንግበርድ አይደለም እንዴ?

ወይራ ሥር

አይደለም። ሀሚንግበርድ ከአሜሪካ አህጉራት ውጭ የለም። የኛዎቹ ዘማሪ ወፎች ናቸው፤ ከሀሚንግበርድ ይልቅ ለድንቢጥ ይቀርባሉ። ሲቀስሙ አብዛኛውን ጊዜ ግንዱን ወይም አበባውን ይዘው ነው፤ አየር ላይ ቆመው የሚቀስሙት ለቅጽበት፣ መቆሚያ ሲያጡ ነው።

ቆላ ሰው

ወይራ ሥር በከፍታ መጀመሩ ትክክል ነው፤ ለሌሎቹ ዝርያዎችም ላስፋው። ስልካችሁ ላይ የከፍታ ንባብ አብሩ፤ ግማሹ ሥራ በዚያ ያልቃል።

ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ማለትም አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን፣ ጎባና የመሳሰሉት ዘንድ፣ ቀድማችሁ የምታስቡት ሦስት ናቸው፦ ተከዜ፣ ማላካይት፣ እና ቫሪያብል የሚባለው ትንሹ። ቫሪያብል 10 ወይም 11 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ጭራው አጭር፣ ጀርባው ሰማያዊ አረንጓዴ፣ ደረቱ ሐምራዊ፣ ሆዱ ቢጫ። በደቡብ ምሥራቅ ቆላ ያለው የዚሁ ዝርያ ወገን ሆዱ ነጭ ስለሆነ፣ ሆዱ ቢጫ ባለመሆኑ ብቻ ዝርያውን አትጣሉት።

ከ1,500 እስከ 2,000 ሜትር፣ ማለትም ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ቢሾፍቱ ላይ፣ ደረተ ቀዩ የሚባለው አበባ ቀሳሚ ይበዛል። ሰውነቱ ጥቁር ቡናማ፣ ደረቱ ደማቅ ቀይ፣ አናቱና አገጩ አረንጓዴ። ጭራው አጭር ነው። ቀዩ ደረት የማይታየው ከኋላው ስትሆኑ ነው፤ ያኔ ድፍን ጥቁር ይመስልና ከተከዜ ጋር ይምታታል። ጭራውን ማየት ይበቃል።

በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዙሪያ ባለው ግራር ላይ ሁለት ይጨመራሉ። አንደኛው ቢዩቲፉል የሚባለው ነው፤ እርሱም ረጅም የመሐል ጭራ አለው፣ ግን ደረቱ ላይ ቀይ፣ ከቀዩ ግራና ቀኝ ቢጫ ያለበት ትንሽ ወፍ ነው። ሁለተኛው ማሪኮ፣ አረንጓዴ ሆኖ ደረቱ ላይ ወይን ጠጅ መቀነት፣ ሆዱ ጥቁር፣ ጭራው አጭር።

ወደ አዋሽ፣ ድሬዳዋና ያቤሎ ደረቅ ቆላ ስትወርዱ ሻይኒንግ የሚባለውን ታገኛላችሁ፤ ከማሪኮ የሚለየው የደረቱ መቀነት ሰፊና ይበልጥ ቀይ በመሆኑ ነው። ሁለቱ በሚገናኙበት አካባቢ በመቀነቱ ላይ ብቻ አትፍረዱ፤ ሴቷን አብራችሁ እዩ። የሻይኒንግ ሴት ደረቷ ጭረት የሌለው ልሙጥ ግራጫ ነው፤ የማሪኮዋ ቢጫማ ሆኖ ጥቁር ጭረት አለበት።

ልብ በሉ፦ ወፎቹ አበባ ተከትለው ስለሚወጡና ስለሚወርዱ ድንበሮቹ የተሰመሩ አይደሉም። ከፍታ መነሻ ነው፣ ፍርድ አይደለም።

ሌንስና ጠዋት

ጥቁር ጥላ ስለሆነው ፎቶ። ችግሩ ካሜራው አይደለም፣ የቆምሽበት ቦታ ነው። ጠዋት ፀሐይዋ በምሥራቅ ናት፤ አንቺ ከአበባው በስተ ምዕራብ ከቆምሽ ወፉን የምታዪው ከነጀርባ ብርሃኑ ነው። ከቁጥቋጦው በስተ ምሥራቅ ዙሪና ጥላሽ ወደ አበባው እንዲወድቅ ቁሚ። ከሰዓት በኋላ ተቃራኒው ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይዋ ከላይ ስለሆነች የሚያበራው ጀርባው ብቻ ነው፤ ሆድና ጉሮሮ ጥላ ውስጥ ይቀራሉ። ጠቃሚዎቹ ሰዓታት ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 3፡30፣ ከሰዓት ደግሞ ከ9፡30 በኋላ ናቸው።

ቀጭን ደመና ሲኖርስ? ብርሃኑ ከሁሉም አቅጣጫ ስለሚመጣ ብልጭታው ይደበዝዛል፣ ግን የአካሉ ቅርጽና የሴቷ የፊት መስመሮች በጣም ጥሩ ሆነው ይወጣሉ። ለመለየት ደመና አይከፋም፣ ለቀለም ግን ፀሐይ ነው።

ርቀት፦ ከ8 እስከ 10 ሜትር። ከዚያ ከቀረብሽ አበባውን ይተዋል። በቁምሽ ከመከታተል ተቀመጪና ጠብቂ። ወንዱ የራሱን አበባ ክልል ከያዘ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ ይመጣል፤ በመካከሉም ከሁሉ ከፍ ያለ ቅርንጫፍ ላይ ይቀመጣል። ቅርንጫፉን አንዴ ካወቅሽ ሌንሱን እዚያ ላይ አስተካክለሽ መጠበቅ ነው፤ ወፉን በቅርንጫፍ መሐል ማሳደድ ትርፉ ድካም ነው።

ካሜራ ላለው፦ የመዝጊያ ፍጥነት ከ1/1600 ሰከንድ አይነስ፤ ራሱን ሲያዞር በጣም ፈጣን ነውና ከዚያ ሲያንስ መንቆሩ ይደበዝዛል። የብርሃን ማካካሻው (ካሜራው ፎቶውን እንዲያደምቅ ወይም እንዲያጠቁር የሚታዘዝበት ቁጥር) ከወፉ ኋላ እንዳለው ነገር ይለያያል። ወፉ ሰማይ ላይ ከሆነ ከ1 እስከ 1.5 ጨምሪ፣ አለበለዚያ ካሜራው ሰማዩን አይቶ ወፉን ያጠቁረዋል። ጀርባው ጥቁር ቅጠል ሆኖ ፀሐይ ወፉ ላይ ካረፈች ደግሞ 0.7 ያህል ቀንሺ፤ የሚያብረቀርቀው ክፍል በቀላሉ ነጭ ሆኖ ይቃጠላልና። የተቃጠለ ሐምራዊ በኋላ በኮምፒውተር አይመለስም። በተከታታይ ቀረጻ አንሺ፤ ከብዙዎቹ ውስጥ ማዕዘኑ የገጠመው አንድ ወይም ሁለት ይሆናል።

ስልክ ብቻ ላለው ቪዲዮ ይሻላል። አንገቱን ሲያዞር ቀለሙ የሚበራበትን ቅጽበት ከቪዲዮው ላይ ቆርጦ ማውጣት ይቻላል። ዙም እስከ ጥግ አትሳቢ፤ በዲጂታል የተሳበ ምስል የጭራውን ቀጭን ላባ ይበላዋል፣ ዋና ማስረጃሽ ደግሞ እሱ ነው።

መነጽር ለመግዛት የሚያስብ ካለ 8×42 (8 ጊዜ የሚያቀርብ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ) ይበቃል፤ ከመግዛቱ በፊት ከ2 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ነገር ጥርት አድርጎ ማሳየቱን ይሞክር።

ናፍቆት ጉለሌ

አመሰግናለሁ፣ የቆምኩት በምዕራብ በኩል እንደነበር ከፎቶው ጥላ ገባኝ። አብራው አንዲት ግራጫ ወፍ ነበረች፤ መንቆሯ ያው ረጅም ነው። ሴቷ ትሆን? በምን ትለያለች?

ቆላ ሰው

ሴቶችን ከፎቶ ለመለየት ባትደክሙ ይሻላል። ሁሉም ግራጫ ነው። ከወንዱ ጋር ካልታየች "አበባ ቀሳሚ፣ ሴት" ብሎ ማለፍ ነው።

ወይራ ሥር

በዚህ አልስማማም። ቆላ ላይ፣ አራት አምስት ዝርያ በአንድ ግራር ላይ ሲሰበሰብ፣ እውነት ነው ያስቸግራል። ደጋ ላይ ግን እጩዎቹ ሦስት ስለሆኑ ይቻላል፤ የሚታየው ፊቷ ነው።

የተከዜ ሴት ሁለት ነጣ ያሉ መስመሮች አሏት፤ አንዱ ከዓይኗ በላይ፣ አንዱ ከመንቆሯ ሥር ተነሥቶ ወደ ጉንጯ ታች የሚወርድ። በሁለቱ መካከል ከመንቆር እስከ ዓይን ያለው ጠቆር ይላል፤ ጭንብል ያደረገች ትመስላለች። ሆዷ ደብዛዛ ግራጫ ነው፣ ቢጫነቱ እምብዛም። የመሐል ጭራዋም ከሌሎቹ በጥቂቱ ሾጠጥ ብሎ ይወጣል።

የማላካይት ሴት ሆዷ በግልጽ ቢጫማ ነው፣ ደረቷ ላይ ደብዘዝ ያለ ዝንጉርጉር አለ፤ የዓይን በላይ መስመሯ ደካማ፣ የጉንጯ መስመር ቢጫማ። የቫሪያብል ሴት በመጠኗ ብቻ ትለያለች፤ ትንሽ፣ አጭር መንቆር፣ ልሙጥ ገጽ። ከፍታው ወደ 2,000 ወረድ ሲል የደረተ ቀዩ ሴት ትመጣለች፤ እሷ ከዓይኗ በላይ መስመር የላትም፣ ከሥር ያለው ላባዋም በጥቁር ቡናማ በጣም የተዥጎረጎረ ነው።

የሚያሳስቱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ወጣት ወንዶች፦ ሴት መስለው እዚህም እዚያም የሚያብረቀርቅ ላባ ያበቅላሉ። የመጀመሪያዎቹ ላባዎች ሐምራዊ ወይስ አረንጓዴ መሆናቸውን እዩ። ሁለተኛው ከመራቢያ ወቅት ውጭ ያለ የማላካይት ወንድ ነው፤ አረንጓዴውን ጥሎ ቡናማ ይለብሳል፣ ክንፉ ሥርና ጀርባው ላይ ግን የቀሩ አረንጓዴ ላባዎች ያጋልጡታል።

ቆላ ሰው

ደጋ ላይ ይሁን፣ እቀበላለሁ። ቆላ ላይ ግን ቃሌን አላጥፍም።

ዲንሾ ማዶ

የት ይፈለግ ለሚለው፦ ወፉን አትፈልጉ፣ አበባውን ፈልጉ። ካርታ ላይ ነጥብ ይዞ የሚሄድ ሰው አበባው ካለፈ ባዶ ቁጥቋጦ ነው የሚያገኘው።

ከክረምቱ መውጫ ጀምሮ መስከረም፣ ጥቅምትና ኅዳር የፈረስ ዘንግ ጊዜ ነው። ብርቱካንማ አበባው ግንዱን ከቦ በደረጃ በደረጃ ነው የሚወጣው፤ ሁሉም አንዴ አይፈነዳም። ስለዚህ ግንዶቹን ስትመርጡ ቀለበቱ ትኩስ፣ አበባው የተነፋ የሆነውን ምረጡ። የደረቀ ቡናማ ቀለበት ብቻ የቀረበት ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ከሩቅ ያምራል፣ ወፍ ግን አይመጣበትም። በመንገድ ዳር፣ በአጥር ጥግና በተተወ እርሻ ላይ ይበቅላል። ጥቂት የተበታተኑ ግንዶች ካሉበት ይልቅ ብዙ ግንድ አንድ ላይ ያለበትን ያዙ፣ ወንዱ ክልል ብሎ የሚጠብቀው እንዲህ ያለውን ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ኬንያ ውስጥ በባለ ወርቃማ ክንፍ አበባ ቀሳሚ ላይ የተደረገ የታወቀ ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ወፉ የፈረስ ዘንግ ክልል የሚጠብቀው ከአበባው የሚያገኘው ጉልበት ለጥበቃው ከሚያወጣው ሲበልጥ ነው። አበባው በጣም ሲሳሳም፣ ከልክ በላይ ሲበዛም ጥበቃው ይቀራል። ለእኛ ትርጉሙ፦ ወንዱ ሌሎችን ሲያባርር ካያችሁ እዚያው ተቀመጡ፣ ይመለሳል። ብዙ ወፎች ሳይጣሉ እየቀሰሙ ከሆነ ደግሞ አንዱን መጠበቅ ዋጋ የለውም፣ ቁጥቋጦውን በሙሉ ተመልከቱ።

በበጋ ቆርች ይመጣል፤ ቅጠሉ ሳስቶ ቀይ አበባው ከሩቅ ይታያል። እሬትም በየገደሉ አለ። ከተማ ውስጥ በየግቢው የተተከለው ቦትል ብራሽ (የጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ የሚመስል ቀይ አበባ ያለው ዛፍ) ለአንድ ጠዋት ምልከታ በቂ ነው፣ ተራራ መውጣት ላልቻለ ሰው የምመክረው እሱን ነው።

ከፍ ሲባል ክኒፎፊያ አለ፤ እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ የሚቆመው፣ ቀይና ቢጫ አበባ ያለው። ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ዲንሾ ላይ ካለው ጽሕፈት ቤት ጀምሮ በኮሶውና በጥዱ መካከል ተከዜን ማግኘት ቀላል ነው። ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ጎህ ሲቀድ ከመውጣት ፀሐይዋ አበባው ላይ እስክታርፍ መጠበቅ ይሻላል። ከክኒፎፊያ የሚቀስም ወፍ የአበባ ዱቄቱ የሚቀባበት ቦታ ግንባሩ ሳይሆን አገጩና ጉሮሮው ነው። ይህም "ጉሮሮው ብርቱካንማ" የሚል ስሕተት ያመጣል።

ከዚያ በላይ፣ ስሜን ላይ ከሳንቃበር እስከ ጨነቅ፣ ባሌ ላይ ወደ ሳነቴ በሚወጣው መንገድ፣ ጅብራ የሚባለው ግዙፍ የተራራ ተክል አለ። ጅብራ በዕድሜው የሚያብበው አንድ ጊዜ ነው፤ አብቦ ይሞታል። አበባው ከታች ወደ ላይ እየፈነዳ ስለሚሄድ ትኩሱ ክፍል የት እንደደረሰ አይቶ መነጽሩን እዚያ ማድረግ ነው። በዚህ ከፍታ ማላካይትን ከተከዜ ጋር መጠበቅ አለባችሁ፤ ወይራ ሥር የጻፈው የሆድ ምርመራ የግድ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ጅብራ ላይ ትልቅ፣ ጥቁር፣ ረጅም ጭራ ያለው ወፍ ካያችሁ ተከዜ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ቀጭን መንቆር ያለው የተራራ ዘርዛር ዘመድም፣ ስሌንደር ቢልድ የሚባለው፣ ከጅብራና ከክኒፎፊያ ይቀስማል፤ ፊቱም በአበባ ዱቄት ይቀባል። እሱ በጣም ይተልቃል፤ ሲበር ክንፉ ላይ ቀላ ያለ ቡናማ ይታያል፤ አብዛኛውን ጊዜም በቡድን ነው። መንቆሩ ቀጭን ቢሆንም እንደ አበባ ቀሳሚ ወደ ታች የታጠፈ አይደለም።

ለፓርኮቹ መግቢያ ይከፈላል። ስሜን ላይ ደግሞ ደባርቅ ካለው ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ ከስካውት (ከፓርኩ ጠባቂ) ጋር ነው የሚገባው። ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ደውላችሁ ጠይቁ።

ሚኪ አዲስ

ድምፁን ከስልክ አጫውቼ ብጠራውስ? ቶሎ አይመጣም?

ሌንስና ጠዋት

ይመጣል። ችግሩም እሱ ነው። አጭር፣ ግማሽ ደቂቃ ብቻ ቢሆን ግን ብዙ አይጎዳም ባይ ነኝ።

ዲንሾ ማዶ

እኔ አልደግፈውም። ወንዱ የሌላ ወንድ ድምፅ ሲሰማ አበባውን ትቶ የሌለ ባላጋራ ሲፈልግ ይውላል፤ በዚያ መሐል እውነተኛው ጎረቤት ገብቶ አበባውን ይቀስምበታል። ግማሽ ደቂቃው ለአንድ ሰው ነው፤ እንጦጦ ላይ ቅዳሜ ጠዋት ሃያ ሰው ቢያጫውትስ? ደግሞም ለዚህ ወፍ አያስፈልግም። ተደብቆ የሚኖር ወፍ አይደለም፣ ጫፍ ላይ ወጥቶ ነው የሚዘምረው። ከመጥራት ማዳመጥ ይሻላል፦ ዝማሬው ቀጭን፣ ፈጣንና የተወሳሰበ ነው፣ ሳይቋረጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይሄዳል፤ ጥሪው አጭርና ስለታም ነው። ድምፁን ቤት ሆናችሁ በጆሮ ማዳመጫ ተለማመዱ፣ ሜዳ ላይ ስልኩ ኪስ ውስጥ ይቆይ።

ጎጆም ካገኛችሁ ራቁ። ከቅርንጫፍ ጫፍ የተንጠለጠለ፣ በሣር ጭረትና በሸረሪት ድር የተሠራ፣ በጎኑ በኩል መግቢያ ያለው ከረጢት ነው። ሰው አጠገቡ ሲቆም ወላጆቹ አይገቡም። ጫጩቶቹ ደግሞ የሚያድጉት በነፍሳትና በሸረሪት ስለሆነ መቀለብ ማቆም የለበትም።

ናፍቆት ጉለሌ

ጋሼ ዲንሾ፣ ገባኝ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ግቢዬ ውስጥ እንዲመጣ ማድረግ ይቻላል? ስኳር በውኃ በጥብጦ መስቀል እንዴት ነው?

ወይራ ሥር

አዲስ አበባ ከሆነ ቤትሽ ቀላል ነው፣ ከከፍታው ጋር የተስማማ ወፍ ነው። መጀመሪያ አበባ ትከዪ። የፈረስ ዘንግ፣ እሬት፣ ክኒፎፊያ፤ ሦስቱም ሙሉ ፀሐይ ይፈልጋሉ። በግቢው ከመበተን ከ10 እስከ 15 ግንድ አንድ ቦታ ይሁን። ከጎኑ 2 ወይም 3 ሜትር የሚደርስ ቁጥቋጦ ይኑር፤ ወንዱ ተቀምጦ የሚጠብቅበት ጫፍ ካጣ አይሰነብትም። የፈረስ ዘንጉ አብቦ ሲያበቃ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል አስቀርቶ መቁረጥ ለሚቀጥለው ዓመት ግንዱን ያበዛዋል። ፀረ ተባይ አትርጪ፣ ነፍሳቱ ምግቡ ናቸው።

ስኳር ውኃ ከሆነ አንድ እጅ ነጭ ስኳር ለአራት እጅ ውኃ። ማርና ቀለም አይግቡበት፤ ማር ቶሎ ይቦካል፣ ሻጋታም ያመጣል። ዕቃው በየቀኑ በሙቅ ውኃ ይታጠብና አዲስ ይሞላ። ይህን በየቀኑ ማድረግ ካልቻልሽ ተዪው፤ የቦካ ስኳር ከሌለው ይብሳል። እኔ አበባውን እመርጣለሁ፤ ስኳሩ ንብና ጉንዳን ነው ቀድሞ የሚሰበስበው።

አንድ ሌላ ነገር ጠብቂ፦ ወንዱ ክልል ከያዘ በመኪና መስታወትና በመስኮት ላይ የራሱን ምስል እንደ ባላጋራ ቆጥሮ ይመታል። መስታወቱን በጨርቅ ሸፍኚ፤ መስኮቱን ከውጭ በኩል በወረቀት ወይም በመረብ ጋርጂ። መጋረጃ ከውስጥ መዝጋት አይበቃም፣ ነጸብራቁን እንዲያውም ሊያጎላው ይችላል።

ቆላ ሰው

ናፍቆት፣ ያየሽውን ኢበርድ (የወፍ ምልከታ የሚመዘገብበት ድረ ገጽ) ላይ መዝግቢው፤ ስትመዘግቢ ግን ሁለት ነገር እዪ። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር 1፡30 ከሆነ እዚያ የሚገባው 7፡30 ነው። ቀኑም ወደ ፈረንጅ መቀየር አለበት፤ "ጥቅምት 10"ን "ኦክቶበር 10" ብሎ የጻፈ ሰው ወፉን አሥር ቀን ቀደም አድርጎ ነው የሚያስገባው። ጥቅምት 10 ኦክቶበር 20 ነው፤ ጳጉሜን ስድስት ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ደግሞ 21። የአበባውንና የወፉን ወቅት ለማዛመድ መረጃው የሚፈለግ ስለሆነ አሥር ቀን ትንሽ አይደለም።

ማስታወሻው ላይ ከፍታውን፣ የአበባውን ዓይነት፣ "ሆዱ ጥቁር፣ የመሐል ጭራው ረጅም፣ ጀርባው ሐምራዊ ብልጭታ" የሚለውን ጻፊ። ፎቶው ጥላ ቢሆንም አያይዢው፤ ጭራውና መንቆሩ ስለሚታይ መዝገቡን ለሚያጣራው ሰው በቂ ነው።

ናፍቆት ጉለሌ

እሺ፣ ዛሬ ማታ እመዘግበዋለሁ። ቅዳሜ በምሥራቁ በኩል ሞክሬ ቪዲዮውን እዚሁ እለጥፋለሁ፤ ሴቷንም ፊቷን ነጥዬ አነሣለሁ።